ከቦሌ እስከ ደለስ፦ የአንድ ርቀትና የሁለት ጉዞዎች ታሪክ

ከአዲስ አበባው ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በዋሽንግተን አቅራቢያ እስከሚገኘው ደለስ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ርቀት በአጭሩ የአየር መንገድ ሲለካ 11,570 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ወደ ምዕራብ ለሚሄደውም ሆነ ወደ ምሥራቅ ለሚመለሰው መንገደኛ ይኸው አንድ ርቀት ነው። የጉዞው ጊዜ ግን በሁለቱ አቅጣጫዎች እኩል ሆኖ አያውቅም። ከደለስ የተነሣው አውሮፕላን በመንገዱ ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ሲደርስ፣ ከቦሌ የተነሣው ግን በአውሮፓ ወይም በምዕራብ አፍሪካ አርፎ ነዳጅ እየቀዳ ከ16 እስከ 17 ሰዓት ይፈጃል። የዚህ ልዩነት ምክንያት በአንድ በኩል ተፈጥሮ ነው፤ በሌላ በኩል ግን ዋና ከተማዋ ከተቆረቆረችበት ዘመን ጀምሮ የተደራረበ ታሪክ ነው።

አጭሩ የአየር መንገድ ሲባል በጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ የሚሰመረው መስመር ማለት አይደለም። ምድር ክብ ስለሆነች በገጿ ላይ ባሉ ሁለት ነጥቦች መካከል አጭሩ መንገድ፣ የምድርን ማዕከል አቋርጦ ለሁለት እኩል ከሚከፍላት ክብ የተወሰደ ቅስት ሲሆን፣ የአሰሳ ባለሙያዎች ይህንን ክብ ታላቅ ክብ ይሉታል። ከደለስ ወደ ቦሌ የሚወስደው ቅስት በመጀመሪያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አቅንቶ በአትላንቲክ መካከል 45 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ገደማ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እየታጠፈ በፖርቱጋልና በደቡብ ስፔን፣ በአልጄሪያ፣ በሊቢያና በሱዳን ሰማይ አልፎ ኢትዮጵያ ይገባል። ከዋሽንግተን ይልቅ በብዙ ወደ ደቡብ ለምትገኘው አዲስ አበባ መንገዱ መጀመሪያ ወደ ሰሜን የሚያቀና መሆኑ ካርታን ብቻ ለሚመለከት ሰው እንግዳ ይመስላል፤ ሆኖም በሉል ላይ ክር ወጥሮ ማየት ነገሩን ወዲያውኑ ግልጽ ያደርገዋል።

አውሮፕላን ከመምጣቱ በፊት ይህ ርቀት በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሳምንታትና በወራት ይታሰብ ነበር። በ1896 ዓ.ም. በማርሴይ የአሜሪካ ቆንስል ጄኔራል የነበረው ሮበርት ስኪነር ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ለመፈራረም ሲመጣ፣ ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ ገና ድሬዳዋ ላይ ያበቃ ስለነበር ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ የተጓዘው በበቅሎና በግመል ቅፍለት ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ 784 ኪሎ ሜትሩ ራሱ በዚያ ዘመን ሦስት ቀን ይጠይቅ ነበር። በ1911 ዓ.ም. ደጃዝማች ናደው አባ ወሎ፣ ብላታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴና ከንቲባ ገብሩ ደስታ የተካተቱበት የኢትዮጵያ መልእክተኛ ቡድን በዋሽንግተን ከፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ጋር ሲገናኝ፣ የተጓዘው በባቡርና በመርከብ፣ በቀይ ባሕርና በሜዲትራኒያን፣ ከዚያም በአትላንቲክ ነበር።

በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣ ፖቴዝ 25 የተባለ ባለ አንድ ሞተር የፈረንሳይ አውሮፕላን አዲስ አበባ ሲያርፍ፣ የሦስት ቀኑ የባቡር መንገድ ወደ ሰዓታት ወረደ። ይሁን እንጂ መንገደኛ በትኬት ተሳፍሮ የሚሄድበት መደበኛ አገልግሎት ለመጀመር ከዚያ በኋላ ከ16 ዓመት በላይ፣ በመካከሉም አንድ የጠላት ወረራ ማለፍ ነበረበት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲመሠረት ሥራውን በውል የሚመራለት ቲ ደብልዩ ኤ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ሲሆን፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደረገ። ለሥራው የዋለው አውሮፕላን ዲሲ 3 ወይም በወታደራዊ ስሙ ሲ 47 የሚባለው ሲሆን፣ ፍጥነቱ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ካይሮ ከአዲስ አበባ በቀጥታ 2,470 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ፣ ዛሬ በአራት ሰዓት የሚያልቀው በረራ በዚያ ጊዜ ሙሉ የቀን ሥራ ነበር። ለማንኛውም ወጣቱ አየር መንገድ ዓይኑን ወደ ሰሜን መጣሉ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ ካይሮ የደረሰ መንገደኛ ከዚያ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚወስዱ የሌሎች አየር መንገዶች አውሮፕላኖችን ማግኘት ይችል ነበርና።

ከዚያ በኋላ የመጣው እድገት ፈጣን ነበር። በሰኔ 1950 ዓ.ም. በአውሮፓ ፍራንክፈርት የአየር መንገዱ መዳረሻ ሆነች፤ በጥቅምት 1953 ዓ.ም. ደግሞ አፍሪካን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጠው የሞንሮቪያ መሥመር ተከፈተ። የሁለቱም መሥመሮች አውሮፕላን ባለ አራት ሞተሩ ዲሲ 6ቢ ነበር። የሞንሮቪያው በረራ ከዛሬው ጉዳይ ጋር የሚያያዘው የኢትዮጵያ አውሮፕላን የአትላንቲክን ጠረፍ የነካበት በመሆኑ ነው፤ ውቅያኖሱን ተሻግሮ አሜሪካ መደበኛ በረራ ለማድረግ ግን ወደ 40 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ቀርቶት ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚታለፍ አንድ መገጣጠም አለ። በ1955 ዓ.ም. መግቢያ፣ በኅዳር ወር፣ ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ ለጄት አውሮፕላን ተብሎ ከመነሻው የታቀደውን የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ መረቁ፤ የሕንፃውን ንድፍ ያወጣው የፊንላንድ ተወላጁ ኤሮ ሳሪነን ሥራው ሳያልቅ ሞቶ ነበር። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ጄቶች የሆኑት ቦይንግ 720ቢ አውሮፕላኖች አዲስ አበባ ደረሱ፤ በዚያው ዓመትም ሥራ ጀመሩ። የቀድሞው የልደታ ማረፊያ፣ ዛሬ ኦልድ ኤርፖርት በሚል የሰፈር ስም ብቻ የሚታወሰው፣ ጄት ሊያስተናግድ ስላልቻለ በምሥራቅ በኩል ቦሌ ላይ አዲስ ማረፊያ ተሠርቶ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ተብሎ ነበር። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ሁለቱ ጫፎች፣ ቦሌና ደለስ፣ አንዱ ስለ ሌላው ምንም ሳይታሰብ የአንድ ዘመንና የአንድ ዓይነት ሞተር ልጆች ሆነው ተወለዱ ማለት ይቻላል።

ሁለቱን የሚለያያቸው ከፍታ ነው። ደለስ ከባሕር ጠለል በላይ 95 ሜትር ላይ ሲገኝ ቦሌ ያለው 2,334 ሜትር ላይ ነው። እቴጌ ጣይቱና ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው በፍልውሃው ዙሪያ ከተማ ሲቆረቁሩ የመረጡት ሙቅ ውሃ፣ የተሻለ አየርና ለጥ ያለ መስክ ነበር፤ ምርጫቸው ከአንድ ምዕተ ዓመት በኋላ አውሮፕላን ምን ያህል ጭነት ይዞ እንደሚነሣ የሚወስን ይሆናል ብሎ ሊገምት የሚችል ሰው በዚያ ዘመን በዓለም ላይ አልነበረም።

ከፍታ አውሮፕላንን የሚፈትነው አየሩን ስለሚያሳሳ ነው። በቦሌ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 75 በመቶ ያህል ሲሆን፣ የቀኑ ሙቀት ሲታከልበት የአየሩ እፍጋት፣ ማለትም በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው የአየር መጠን፣ ከባሕር ጠለሉ አንድ አራተኛ ያህል ይቀንሳል። ክንፍ አውሮፕላንን የሚያነሣው አየርን ወደ ታች በመግፋት ስለሆነ በሳሳ አየር ውስጥ ያንኑ ክብደት ለማንሣት የበለጠ ፍጥነት ያስፈልገዋል፤ በቦሌ ይህ ተጨማሪ ፍጥነት አንድ ሰባተኛ ያህል ነው። ሞተሩም በበኩሉ የሚስበው አየር ስለሚያንስ የሚሰጠው የመግፋት ኃይል ይቀንሳል። እንግዲህ አውሮፕላኑ ባነሰ ጉልበት የበለጠ ፍጥነት እንዲደርስ ይጠየቃል ማለት ነው። የቦሌ መንደርደሪያዎች እያንዳንዳቸው ወደ 3.8 ኪሎ ሜትር የሚጠጉት፣ ከደለስ መንደርደሪያዎችም የሚረዝሙት በዚህ ምክንያት ነው።

ሆኖም መንደርደሪያ ማርዘም ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። የአውሮፕላን ጎማ በአምራቹ የተወሰነለትን ከፍተኛ ፍጥነት አልፎ መሽከርከር አይፈቀድለትም፤ ከዚህም በላይ የበረራ ደኅንነት ሕግ አውሮፕላኑ ሊነሣ ሲል አንድ ሞተር ቢጠፋበት በቀረው ሞተር ከፊቱ ያሉትን ተራሮች አልፎ መውጣት እንዲችል ያስገድዳል። በዙሪያዋ እንጦጦና የረር ላሉባት ከተማ ይህ ድንጋጌ በወረቀት የሚቀር አይደለም። ስለዚህ የሚቀነሰው ክብደት ነው። በ13 ወይም በ14 ሰዓት በረራ አውሮፕላኑ ሲነሣ ካለው ክብደት አንድ ሦስተኛ ገደማ ነዳጅ ስለሆነ፣ ከቦሌ በቀጥታ ዋሽንግተን ለመድረስ የሚፈለገውን ነዳጅ የሞላ አውሮፕላን መንገደኛና ዕቃ መቀነስ ግድ ይለዋል፤ መንገደኛና ዕቃ ያልቀነሰ ደግሞ ነዳጅ ቀንሶ በመንገድ ላይ ማረፍ አለበት። የረጅም ርቀት በረራዎች በብዛት በምሽት ከቦሌ የሚነሡት በዋነኛነት ከሌሎች ከተሞች የሚመጡ ትራንዚት መንገደኞችን ለማገናኘት ቢሆንም፣ የሌሊቱ ቅዝቃዜ የአየሩን እፍጋት ስለሚጨምር ለክብደቱም ይጠቅማል።

የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ገጽታ ከደለስ በኩል ታየ። ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ የተረከበው ቦይንግ 767-200ኢአር ከዋሽንግተን ተነሥቶ በመንገድ ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። አውሮፕላኑ 12,082 ኪሎ ሜትር በመብረር በዚያ ጊዜ ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ ጄት ያስመዘገበውን ረጅሙን ርቀት ያዘ፤ በአየር ላይም ከ13 ሰዓት በላይ ቆየ። የተበረረው ርቀት በታላቁ ክብ ከሚለካው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መብለጡ አያስደንቅም፤ አውሮፕላን የሚሄደው በጂኦሜትሪ ብቻ ሳይሆን በነፋስ፣ በአየር ክልል ፈቃድና በተተለሙ የሰማይ መስመሮች ጭምር ነው። መንግሥት ከሶቪየት ኅብረት ጋር የጠበቀ ወዳጅነት በነበረው በዚያ ዘመን አየር መንገዱ ከአሜሪካው ቦይንግ ጋር መቀጠሉ በራሱ ሊጠና የሚገባው የተቋም ጽናት ነው።

የዚያን በረራ ክብደት ለመረዳት የባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ሕግ እንዴት እንደነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ከ1945 ዓ.ም. ጀምሮ ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን፣ አንዱ ሞተር ቢጠፋ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊያርፍበት ከሚችል ማረፊያ እንዳይርቅ ተወስኖ ስለነበር፣ ሰፊ ውቅያኖስ መሻገር የባለ ሦስትና የባለ አራት ሞተር አውሮፕላኖች ድርሻ ነበር። ኢቶፕስ በሚባለው አዲስ ደንብ ይህ ገደብ ወደ ሁለት ሰዓት ከፍ ብሎ የመጀመሪያው በረራ የተደረገው በጥር 1977 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከቦስተን ወደ ፓሪስ የበረረውም የቲ ደብልዩ ኤ 767 ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድን በልጅነቱ እጁን ይዞ ያሳደገው ኩባንያ አትላንቲክን በዚህ ደንብ በ767 ሲሻገር፣ ያሳደገው ተቋም በተመሳሳይ አውሮፕላን ከዚያ እጅግ የራቀ መንገድ ከወራት በፊት በርሮ ነበር።

መደበኛው የአሜሪካ በረራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች ከአብዮቱ ወዲህ የሰፈረው ኢትዮጵያዊ ቁጥሩ እየበዛ ስለሄደ፣ የመሥመሩ መንገደኛ ከመጀመሪያው ጀምሮ የታወቀ ነበር፤ ዘመድ ሊጠይቅ የሚሄድ፣ ለሠርግና ለለቅሶ የሚመጣ፣ ሻንጣውን በርበሬና ሽሮ ሞልቶ የሚመለስ ሰው ነው። ይህ መንገደኛ ዕቃ የሚያበዛ መሆኑ ለቦሌው የክብደት ስሌት ቀላል ጉዳይ አልነበረም።

ወደ ምዕራብ ሲኬድ የት ይረፍ የሚለው ጥያቄ በየዘመኑ የተለያየ መልስ አግኝቷል። በሮም በኩል ሲሄድ ጠቅላላው ርቀት 11,710 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከቀጥታው መንገድ የሚበልጠው በ140 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በደብሊን በኩል 11,830 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ እዚህም ጭማሪው ከ300 ኪሎ ሜትር በታች ሲሆን፣ ደብሊን ከሮም ይልቅ የመንገዱን አጋማሽ የምትቀርብ በመሆኗ ሁለቱ የበረራ ክፍሎች የተመጣጠኑ ይሆናሉ። በቶጎዋ ዋና ከተማ በሎሜ በኩል ግን መንገዱ ወደ 12,750 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጨምር መንገድ በርቀት ብቻ ቢታሰብ ተቀባይነት አይኖረውም ነበር።

ሎሜን ያስመረጠው ርቀት ሳይሆን ሕግና ገበያ ነው። ኢትዮጵያም በተሳተፈችበት በ1937 ዓ.ም. የቺካጎ ጉባኤ የተነደፈው አምስተኛው የአየር ነፃነት የሚባለው መብት፣ የአንድ አገር አየር መንገድ በሁለት የውጭ አገሮች መካከል መንገደኛ እንዲያሳፍር ያስችላል። በዚህ መብት አየር መንገዱ በሰኔ 2007 ዓ.ም. ከደብሊን ወደ ሎስ አንጀለስ፣ ቀጥሎም ከሎሜ ወደ ኒዋርክ መንገደኛ መጫን ጀመረ። ሎሜ የአየር መንገዱ ሸሪክ የሆነው አስካይ የተባለ አየር መንገድ መናኸሪያ በመሆኗ የምዕራብ አፍሪካ መንገደኛ ከየአገሩ እዚያ ይሰበሰባል። ቦሌ ላይ በከፍታ ምክንያት የመጣው የግድ ዕረፍት እንዲህ የገቢ ምንጭ ሆነ፤ በአየር መንገዱ ታሪክ ውስጥ ከታዩት ብልህ ውሳኔዎች አንዱ ይህ ይመስላል።

ሌላው የጊዜ ልዩነት ምክንያት ነፋስ ነው። በሰሜኑ የምድር አጋማሽ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ፣ ጄት ስትሪም የሚባል ጠንካራ የአየር ጅረት አለ፤ ፍጥነቱ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ሲሆን፣ በአውሮፓና በአሜሪካ የብርድ ወራት ይበረታል። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣውን አውሮፕላን አትላንቲክ ላይ ከኋላ ይገፋዋል፣ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደውን ከፊት ይጋፈጠዋል። እንዲህ ከሆነ ከዝቅተኛው ስፍራ ሙሉ ነዳጅ ይዞ የሚነሣው አውሮፕላን ነፋሱንም ያገኛል፤ ከከፍተኛው ስፍራ ነዳጁን ቀንሶ የሚነሣው ደግሞ ነፋሱን ይዋጋል። ከፍታና ነፋስ በአንድ አቅጣጫ ተባብረው የመጡበት ረጅም መሥመር በዓለም ላይ ብዙ አይገኝም።

የግድግዳ ሰዓት ግን ነገሩን ገልብጦ ያሳያል። በኢትዮጵያና በዋሽንግተን መካከል ያለው የሰዓት ልዩነት፣ አሜሪካውያን በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ስለሚለውጡ፣ እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው። 17 ሰዓት የሚፈጀው የመሄጃ ጉዞ በሰባት ሰዓት ልዩነት ሲሰላ በአካባቢው ሰዓት 10 ሰዓት ብቻ የወሰደ ይመስላል፤ 13 ሰዓት የሚፈጀው መመለሻ ደግሞ 20 ሰዓት። በማታ ከቦሌ የተነሣ መንገደኛ በማግስቱ ጠዋት ደለስ ይወርዳል፤ በረፋዱ ከደለስ የተነሣው ቦሌ የሚደርሰው በማግስቱ ጠዋት ነው። በትኬቱ ላይ የሚጻፈው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ሲቆጠር፣ በኢትዮጵያ የሚቀበለው ቤተሰብ ከንጋት ስለሚቆጥር፣ መንገደኛ ሊቀበል የሚወጣ ሰው ሁለት ጊዜ ማስላት ይኖርበታል።

አዳዲስ አውሮፕላኖች ልዩነቱን አጥብበውታል እንጂ አላጠፉትም። በኅዳር 2003 ዓ.ም. አየር መንገዱ ቦይንግ 777-200ኤልአርን ከአፍሪካ ቀድሞ ተረከበ፤ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከጃፓን ውጭ ካሉት አየር መንገዶች ሁሉ ቀድሞ 787ን አስገባ፤ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ኤርባስ ኤ350 ተከተለ። የእነዚህ ሞተሮች ነዳጅ ቆጣቢነት የመመለሻውን ቀጥታ በረራ ከ1976ቱ ልዩ ክንውን ወደ ዕለታዊ ሥራ ለውጦታል። በሌላ በኩል የታላቁ ክብ መንገድ የሚያልፍባቸው አገሮች ሰላም ሲያጡ ርቀቱ ይረዝማል፤ የሱዳን የአየር ክልል ጦርነቱ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሲፈነዳ ለመንገደኛ አውሮፕላኖች ተዘግቶ፣ ወደ ሰሜን የሚበሩት አውሮፕላኖች ዙሪያ ጥምጥም እንዲሄዱ ሆነዋል።

ቦሌን ለመተካት የታቀደው ትልቅ ማረፊያ የተመረጠለት ቢሾፍቱ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ማለቱ የአየሩን ግፊት ከባሕር ጠለሉ 75 በመቶ ወደ 80 በመቶ አካባቢ ስለሚያሳድገው፣ አንድ ዓይነት አውሮፕላን ከቦሌ ሊያነሣው ከሚችለው የበለጠ ነዳጅና ጭነት ይዞ ከዚያ ይነሣል፤ በመንገድ ሳያርፍ ወደ ሰሜን አሜሪካ የመብረር ዕድሉም ይሰፋል። ያኔ የዕረፍቱ ሰዓታት ከጉዞው ሊወጡ ይችላሉ፤ በነፋሱ ምክንያት የሚመጣው ልዩነት ግን፣ ማረፊያው የትም ቢሠራ፣ በሁለቱ አቅጣጫዎች መካከል ይቀጥላል።